በእጅ የተሠሩ የሸክላ ዕቃዎች አያያዝ

ከሙስካት በስተደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባህላ ከተማ በሸክላ ሠሪዎቿ ትታወቃለች። ምሽጓ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኦማን ጀህላ የሚባለው የውኃ ማሰሮ እንደ ኢትዮጵያው እንስራ ቅብ የለውም፤ በአካሉ ሠርጎ የሚወጣው ውኃ ሲተን ውስጥ ያለውን ያቀዘቅዛል።

ለገበታ የሚቀርበው ስቶንዌር የተሰኘው ሸክላ ግን ከዚህ ይለያል። ከ1200 እስከ 1300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ስለሚተኮስ ጭቃው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ውኃም እምብዛም አይመጥም። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡም አያያዛቸው የተለያየ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ቅብ ባልነካው የዕቃው መቀመጫ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ ይደረጋል። ጠብታው ቶሎ ከተመጠጠ ዕቃው ውኃ መጣጭ ነው፤ ባለበት ከቆየ ግን ጭቃው ጠጥሯል ማለት ነው።

ውኃ መጣጭ ሸክላ በሳሙና ውኃ ተዘፍዝፎ ሊያድር አይገባም፤ ሽታውን ይዞ ይቀራል። ታጥቦም ተገልብጦ በሚገባ መድረቅ አለበት። በሙስካት የባሕር ዳርቻ ወበቅ እርጥቡን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ መዝጋት ሻጋታ ያስከትላል። አዲስ ጀበና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሟሻል፤ ከእሳት እንደወረደም ቀዝቃዛ ውኃ አይጨመርበትም።

ስቶንዌር ጠንካራ ቢሆንም ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ሳህን በቀጥታ ወደ ጋለ ምድጃ አይገባም። ሳህኖች ሲደራረቡ ሸካራው መቀመጫ የታችኛውን ቅብ እንዳይፍቅ በመካከላቸው ጨርቅ ማድረግ ይበጃል። ማንኪያ የሚተወው ግራጫ ጭረት በውኃ በተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ቀስ ብሎ ሲታሽ ይለቃል።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ጤና ነው። አንዳንድ ቅቦች እርሳስ አላቸው፤ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ደግሞ እርሳሱን ወደ ምግቡ ሊያወጡት ይችላሉ። ለምግብ መዋሉ ያልተረጋገጠ ወይም ቅቡ የተላጠ ዕቃ ለጌጥ ብቻ ቢቀመጥ ይመረጣል።

በሰው ቤት የሚሠሩ ሠራተኞችም ዕቃው ላይ ስንጥቅ ሲያዩ ከማጠባቸው በፊት ለባለቤቱ ቢያሳዩ መልካም ነው። አስቀድሞ የታየ ስንጥቅ በኋላ «ማን ሰበረው?» ከሚል ክርክር ያድናል።