ልኬት ሰብሳቢ፦ የኢሜይል ወረፋን በቁጥር መከታተል

ልኬት ሰብሳቢ ማለት ከኮምፒውተር ወይም ከአንድ ፕሮግራም ላይ በየተወሰነ ጊዜው ቁጥር እያነበበ፣ ቁጥሩን ከተነበበበት ሰዓት ጋር የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። የሙያው ሰዎች «ሜትሪክስ ኮሌክተር» ይሉታል። «መለኪያ ሰብሳቢ» ያላልነው መለኪያ የሚለካበት ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ተለክቶ የሚገኘው ውጤት ልኬት ነው። ልኬት «ሎግ» ከሚባለው የክንውን መዝገብም ይለያል። መዝገቡ እያንዳንዱ ኢሜይል ምን እንደገጠመው በዝርዝር ይተርካል፤ ልኬቱ ግን በዚህች ደቂቃ ስንት ኢሜይል ቆሞ እንደሚጠብቅ በአንድ ቁጥር ይናገራል። የኢሜይል ሰርቨር ወረፋ የልኬት ሰብሳቢን ሥራ ለማሳየት የተመቸ ነው።

ወረፋው ለምን ኖረ?

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ደንብ ኤስ ኤም ቲ ፒ ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ለላኪው ባለ 3 አኃዝ ኮድ ይመልሳል። በ2 የሚጀምር ኮድ «ተረክቤያለሁ»፣ በ5 የሚጀምር «አልቀበልም»፣ በ4 የሚጀምር ደግሞ «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው። ቆይተህ ሞክር የተባለው መልእክት ወረፋ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተሻሻለው ደንብ፣ ላኪው ሰርቨር ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን መታገሥ እንዳለበት ያስቀምጣል።

በሰፊው ከሚሠራባቸው የኢሜይል ሰርቨሮች አንዱ ፖስትፊክስ ነው። ቪትሴ ቬኔማ በአይ ቢ ኤም የምርምር ማዕከል ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ ወጣ። አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር መልእክትን እስከ 5 ቀን ያቆያል። «መልእክትዎ ዘግይቷል» የሚለው ማሳወቂያም አስተዳዳሪው ካላበራው አይላክም። በዚህ ምክንያት ሰኞ የተላከ ደብዳቤ አለመድረሱ የሚታወቀው ቅዳሜ ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ድረስ ሰርቨሩ በርቷል፣ ማንም ስህተት አላየም። ወረፋውን በቁጥር መከታተል ያስፈለገው ለዚህ ዝምታ ነው።

የፖስትፊክስ ወረፋዎች

ወረፋው አንድ አይደለም። «ሜይልድሮፕ» በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የጻፏቸው መልእክቶች መግቢያ ነው። «ኢንካሚንግ» ገብተው ተራ የሚጠብቁትን፣ «አክቲቭ» በመላክ ላይ ያሉትን ይይዛል፤ የአክቲቭ ጣሪያ፣ ካልተቀየረ፣ 20,000 መልእክት ነው። «ዲፈርድ» አንዴ ተሞክረው በቀጠሮ የተመለሱት የሚያድሩበት ነው። ቀጠሮው ከ300 ሴኮንድ ጀምሮ እየረዘመ እስከ 4,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት ጥቂት በላይ ይደርሳል። «ሆልድ» ደግሞ በአስተዳዳሪው ትእዛዝ የታገዱት፣ እሱ ካልለቀቃቸው የማይንቀሳቀሱት ናቸው።

ሰብሳቢው እንዴት ያነባል?

በፖስትፊክስ እያንዳንዱ መልእክት በወረፋው አቃፊ ውስጥ አንድ ፋይል ነው። ስለዚህ ፋይል መቁጠር መልእክት መቁጠር ነው። «ኮሌክትዲ» የተባለው ሰብሳቢ በአቃፊ ውስጥ ያሉ ፋይሎችን የሚቆጥር ተቀጥላ አለው፤ ካልተቀየረ በየ10 ሴኮንዱ ያነባል። «ቴሌግራፍ» (ከቴሌግራም ጋር አይምታታ) ለፖስትፊክስ የተዘጋጀ ተቀጥላ ስላለው የእያንዳንዱን ወረፋ የመልእክት ብዛት፣ አጠቃላይ መጠንና ከሁሉም የቆየውን መልእክት ዕድሜ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳውንድክላውድ የተጀመረው «ፕሮሜቲየስ» አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ቁጥሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ፕሮሜቲየስ በየጊዜው እየመጣ ይወስዳል።

የወረፋው አቃፊዎች ለተራ ተጠቃሚ ዝግ ናቸው። ሰብሳቢውን በሙሉ ሥልጣን ከማስኬድ ይልቅ በእነዚያ አቃፊዎች ላይ ብቻ የማንበብ ፈቃድ መስጠት ይሻላል። ፈቃድ ያጣ ሰብሳቢ ምንም ላያመጣ ይችላል፤ ቁጥር ጠፋ ማለት ግን ወረፋው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ራሱ ሲቋረጥ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት።

ሁለት ዓይነት ልኬት

የወረፋ ርዝመት ከፍም ዝቅም ይላል፤ ይህ ዓይነቱ «ጌጅ» ይባላል፣ በአማርኛ «ተለዋዋጭ ልኬት» ብንለው ያስኬዳል። እስካሁን የተላከው ኢሜይል ድምር ግን እንደ ቤት ውሃ ቆጣሪ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ ስሙም «ቆጣሪ» ነው። ከቆጣሪ የሚፈለገው በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል፦ ወረፋው ረዝሞ መላኩም ከጨመረ ሰርቨሩ ብዙ ሥራ ላይ ነው፤ ወረፋው ረዝሞ መላኩ ከቆመ ችግር አለ።

ቁጥሩን ማንበብ

ብዛት ብቻውን ያሳስታል። አንድ ድርጅት ለደንበኞቹ በጅምላ ደብዳቤ ሲልክ ወረፋው በሺዎች ሊሞላና በደቂቃዎች ሊጎድል ይችላል፤ ይህ ጤናማ ነው። በአክቲቭ ውስጥ 30 መልእክት ብቻ ኖሮ ከሁሉም የቆየው ሰዓታትን ካስቆጠረ ግን ያሳስባል። በሌላ በኩል ዲፈርድ ውስጥ ሰርቨሩ ለጠፋ ተቀባይ የተላከ አንድ መልእክት 5 ቀን ሊያረጅ ስለሚችል፣ እዚያ ከዕድሜ ይልቅ የእድገቱን ፍጥነት ማየት ይበጃል።

የትኛው ወረፋ እንዳበጠም መንስኤውን ይጠቁማል። ዲፈርድ ወደ አንድ መድረሻ በሚሄዱ መልእክቶች ከተሞላ ችግሩ ከወዲያኛው ወገን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ያ ወገን የእኛን ሰርቨር ጠርጥሮታል። ወደ ሁሉም መድረሻ ከሆነ የራሳችን የኢንተርኔት መስመር ወይም የሰርቨር ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲ ኤን ኤስ ይፈተሽ። ይህን ለመለየት ከፖስትፊክስ ጋር የሚመጣው «ኪውሼፕ» ወረፋውን በመድረሻና በዕድሜ ከፋፍሎ ያሳያል። ኢንካሚንግና አክቲቭ ካበጡ ዲስኩ ወይም የስፓም ማጣሪያው አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። ሜይልድሮፕ ከሞላ ፖስትፊክስ ቆሟል፣ ወይም በዚያው ኮምፒውተር ያለ አንድ ፕሮግራም ከልክ በላይ ደብዳቤ እየጻፈ ነው። በሌሊት ወደማይታወቁ አድራሻዎች የሚጎርፍ ወረፋ ብዙ ጊዜ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ምልክት ነው።

ልኬት ሰብሳቢ የሚተክል ሰው ማስጠንቀቂያውን ከማብራቱ በፊት የሰርቨሩን የተለመደ ጠባይ ይመልከት፤ የሥራ ቀንና የበዓል ቀን ወረፋ እኩል አይደለም። ከዚያም ማስጠንቀቂያው ለአንድ ቅጽበት ጭማሪ ሳይሆን ለደቂቃዎች ለዘለቀ ለውጥ እንዲጮህ ያድርግ። በየሰዓቱ በከንቱ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ እውነተኛው ችግር በመጣ ቀን የሚሰማው አያገኝም።