የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ በኢትዮጵያ

የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን፣ ነገር ግን ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሰዎችን በየጊዜው በመመርመር ካንሰሩን ገና ትንሽ ሳለ የማግኘት ሥራ ነው። ደም ያለው አክታ አይቶ ሐኪም ዘንድ ለሚቀርብ ሰው የሚደረገው ምርመራ ከዚህ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ የላትም። ይጀመር ወይስ አይጀመር የሚለው ጥያቄ ደግሞ መሣሪያ በመግዛት ብቻ አይመለስም። ዊልሰንና ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጇቸው መስፈርቶች ዛሬም ለእንዲህ ዓይነት ውሳኔ መነሻ ናቸው፤ ከነሱም አንዱ በሽታው ለተገኘበት ሰው ሕክምናው በእጅ መኖሩን ይጠይቃል።

ማስረጃው

ትልቁ ጥናት በአሜሪካ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆኑ፣ ብዙ ያጨሱ ከ53 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ዙር በዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን፣ ሌሎቹ በደረት ራጅ ተመረመሩ። በሲቲ ስካን ከተመረመሩት መካከል በሳንባ ካንሰር የሞቱት በ20 በመቶ አነሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የኔዘርላንድስና የቤልጂየም ጥናት በወንዶች ላይ 24 በመቶ ቅናሽ አሳይቷል። በብዙ ሆስፒታል የሚገኘው ራጅ ግን ሲቲ ስካንን አይተካም፤ በራጅ በየዓመቱ መመርመር ሞትን እንደማይቀንስ ሌላ ሰፊ ጥናት አሳይቷል።

ጉዳቱም አብሮ ይታያል። በአሜሪካው ጥናት በሲቲ ስካን አጠራጣሪ ከተባሉት ውጤቶች ከ100 ውስጥ 96ቱ ካንሰር አልነበሩም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ምርመራውን የምትመክረው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ያህል ላጨሱ፣ አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ላልሞላቸው ነው። ብሪታንያ በ2023 አገር አቀፍ መርሐ ግብር እንደምትጀምር አስታወቀች። ታይዋን በ2022 ስትጀምር ከአጫሾች ሌላ በቤተሰባቸው የሳንባ ካንሰር የታየባቸውንም አካተተች።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ወንዶች። የአሜሪካው መስፈርት እንዳለ ቢወሰድ የሚያካትተው ጥቂት ሰው ነው። በጭስ በታፈነ ማድ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር የኖረች ሴት ከመስፈርቱ ውጭ ትሆናለች። የማገዶ ጭስ ለሳንባ ካንሰር መንስኤ ሳይሆን እንደማይቀር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም መድቦታል። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ግን በአጫሾች ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ቅድመ ምርመራው እሷን ምን ያህል እንደሚጠቅም አይናገሩም።

ሁለተኛው ችግር ሳንባ ነቀርሳ ነው። ኢትዮጵያ የነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ነቀርሳ የሚተወው ጠባሳ በሲቲ ስካን ላይ ካንሰር ሊመስል ስለሚችል፣ አላስፈላጊ ክትትልና የናሙና መውሰድ ሥራ ከሌላው አገር የበለጠ ሊበዛ ይችላል።

ሦስተኛው ከምርመራው በኋላ ያለው መንገድ ነው። በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው በሳንባው ላይ ትንሽ እብጠት ታየበት እንበል። ናሙናው በፓቶሎጂ ባለሙያ መታየት፣ ካንሰር ከሆነም በደረት ቀዶ ሐኪም መውጣት አለበት፤ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ደግሞ በአገሪቱ ጥቂት ናቸው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ ማዕከል እንዲቋቋምባቸው ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ናት። ሕክምና ሳይዘጋጅ መመርመር ለሰውየው የሚሰጠው ቀደም ብሎ የመጣ መርዶ ብቻ ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በኢትዮጵያ ሊስፋፋ የቻለው በተቃራኒው ምክንያት ነው፤ የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ አሴቲክ አሲድ ቀብታ የምታየውን የቅድመ ካንሰር ምልክት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ማከም ትችላለች።

አሁን በሥራ ላይ ያለው

መንግሥት እስካሁን የያዘው መንገድ መከላከል ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን፣ እንዲሁም ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ለታመመው ደግሞ ምርመራው ቅድመ ምርመራ እስኪጀመር አይጠብቅም፦ ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበት ሰው ለነቀርሳ ይመረመራል፤ ነቀርሳ ተብሎ መድኃኒት እየወሰደ ካልተሻለው ግን ካንሰርን ጨምሮ ሌላ መንስኤ ሊፈለግለት ይገባል።