«የካንሰር ቫይረስ» ወይስ ካንሰር አፍራጭ?

የጤና ዜና አቅራቢዎች ካንሰርን በሚያጠፋ ቫይረስ የሚሰጠውን ሕክምና «የካንሰር ቫይረስ ሕክምና» ማለት እየለመዱ ነው። ጆሮ ብቻ የሚያሳክክ ቢሆን ባለፍኩት፤ ነገር ግን ያሳስታል። የካንሰር ቫይረስማ አለ፤ ካንሰር የሚያመጣው! የማኅፀን በር ካንሰር መንስኤ የሆነው ኤችፒቪ አንዱ ነው፤ ልጃገረዶቻችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከተቡት እሱን ለመከላከል ነው። አምጪውንና አጥፊውን በአንድ ስም ጠርተን እናት ልጇን ለማስከተብ ብታመነታ ማን ይጠየቃል?

ለአጥፊው ቫይረስ የፈረንጆቹ ቃል «ኦንኮሊቲክ» ከግሪክ የተገጠመ ነው፤ ኦንኮስ እብጠት፣ ሊሲስ መፍታት። ቀጥታ ሲመለስ «ዕጢ ፈቺ» ይሆናል። ግን ፈቺ ሲባል የሚታወሰን ሕልም ነው። ዕጢም በእኛ አፍ ጤነኛውን ጭምር ይጠራል። ነቀርሳ እንዳንል፣ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «ካንሰር ገዳይ» የሚለውስ? ኬሞቴራፒም ይገድላል፤ ልዩነቱ የታለ? «አሟሚ» ያሉም አሉ፤ ይሄ ግን የኬሚስትሪ መምህር ቃል ነው፤ ሟሟ የሚባለው ስኳር ሻይ ውስጥ ሲገባ ነው፣ ከውጭ ተከቦ።

ይህ ቫይረስ ደግሞ የሚሠራው ከውስጥ ነው። የካንሰር ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ሕዋሱ አብጦ ይፈርጣል፣ ከውስጡ የወጣውም የሰውነትን መከላከያ ያነቃል። ፈረጠ! ለእባጭ የምንለው፣ ከውስጥ ሞልቶ መተርተርን የሚገልጽ ግስ አለን። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «ካንሰር አፍራጭ ቫይረስ» ነው። ካንሰር የሚለውን ብድር እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ገበያም ሐኪም ቤትም የለመደውን ቃል ለማባረር መታገል ቋንቋን መውደድ አይመስለኝም።

ጂኑ የተቀየረውን ቫይረስ «ኢንጂነር የተደረገ» ለሚሉትም መልስ አለኝ፦ የተገራ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር የፈቀደችው ካንሰር አፍራጭ ቲ-ቬክ የተሠራው፣ ከንፈራችን ላይ ሲወጣ «ምች መታኝ» ብለን ዳማከሴ ከምንጨምቅለት የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ሁለት ጂኖቹ ተነቅለው፣ መከላከያን የሚቀሰቅስ የሰው ጂን ገብቶለት በቀጥታ ዕጢው ላይ ይወጋል። ጃፓንም በ2021 ለአንጎል ዕጢ የፈቀደችው ከዚሁ ከሄርፒስ የተበጀ ነው። ቻይና ቀድማ፣ በ2005፣ ከሌላ ቫይረስ የተሠራ ፈቅዳለች። «የተገራ» ማለቱ ለሌላም ይጠቅማል፤ እኛ ዘንድ «ቫይረሱ» ከተባለ ኤችአይቪ ነው፣ ሕመምተኛን «ቫይረስ ልንወጋህ ነው» ብሎ ማስደንገጥ ደግሞ ሕክምና አይደለም።

ከእኔ የተሻለ ቃል ያለው ያምጣው፣ እቀበላለሁ። «የካንሰር ቫይረስ» ግን ለኤችፒቪና ለመሰሎቹ ይተውልን።