በስሙ አደራ ያለበት ማዕረግ

በእኛ ሠራዊት ማዕረግ በቁጥር ይነገራል፤ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ። የሩሲያ ኮሳኮችም እንዲሁ «ሶትኒክ» ሲሉ መቶ አለቃ ማለታቸው ነበር። በመደበኛው የዛሩ ጦር ውስጥ የሶትኒክ እኩያ የነበረው መኮንን ግን ስሙን ከቁጥር አልወሰደም። «ፖሩቺክ» ይባል ነበር፤ የቃሉ ሥር «እጅ» ነው። በእጁ የተሰጠው፣ የተጣለበት፣ ባጭሩ ባለአደራ ማለት ነው። ቃሉ ከምዕራብ ስላቮች ተሻግሮ ሩሲያ የገባ ሲሆን፣ በሩሲያ ከ1917 አብዮት ጋር ከነማዕረጉ ተሻረ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1935 ማዕረግ ሲመለስ ቦታውን «ሌይተናንት» ወሰደው። በፖላንድ፣ በቼክና በሰርቢያ ጦር ግን ዛሬም አለ።

ሥነ ጽሑፍን ለሚወድ አንባቢ ይህ ማዕረግ እንግዳ አይደለም። ቶልስቶይ ከሴባስቶፖል ጦርነት በኋላ በ1856 ሠራዊቱን የተሰናበተው ፖሩቺክ ሆኖ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ አንድ ያልተወለደ መኮንን የሚነገረው ታሪክ ነው።

ነገሩ በቀዳማዊ ጳውሎስ ዘመን፣ ከ1796 እስከ 1801 ባለው ጊዜ ሆነ ይባላል። አንድ ጸሐፊ የሹመት ትእዛዝ ሲገለብጥ ብዕሩ ይስትና፣ ከአንድ ቃል ተቆርጦ የቀረው ፊደል የሰው ስም ይመስላል። በዚህም «ኪዥ» የሚባል ምክትል ፖሩቺክ ከወረቀት ላይ ይወለዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ስሙን ወደደው፤ ፖሩቺክ አደረገው፤ ቀጥሎም እያከታተለ ኮሎኔል እስከ መሆን አደረሰው። በመጨረሻ «ይቅረብልኝ» ሲል ማንም ስሕተቱን ሊነግረው ስላልደፈረ «ሞቷል» አሉት። አዘነ ይባላል፤ ጥሩ መኮንን ነበር ብሎ። ይህን ወግ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ቭላዲሚር ዳል መዘገበው፤ ዩሪ ቲንያኖቭ በ1928 ልብ ወለድ አደረገው፤ በ1934 ፊልም ሲሆን ፕሮኮፊየቭ ሙዚቃውን ደረሰለት። ቲንያኖቭ ከኪዥ ጎን ሌላ ሰው አቁሟል፤ በሕይወት ሳለ በስሕተት «ሞተ» ተብሎ የተጻፈ ፖሩቺክ። ያ ምስኪን ሥጋና ደም እያለው ከወረቀቱ ጋር ተከራክሮ መርታት አቃተው።

ወጉ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በሥጋ የኖሩ ፖሩቺኮችም ነበሩ። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል (ትውልዱ ከየት ነው የሚለው እስካሁን ቢያከራክርም) ከፈረንሳይ በ1723 ሲመለስ፣ ታላቁ ጴጥሮስ ራሱ ሻምበል በነበረበት የመድፈኛ ክፍል በመሐንዲስ ፖሩቺክነት ተመደበ። ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ በ1727 ያው ባለአደራ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ።

የልጅ ልጁ ልጅ ፑሽኪን በ1837 ሲገደል የቁጭት ግጥም የጻፈው ወጣት መኮንን ደግሞ ሚካኤል ሌርሞንቶቭ ነበር። በዚያው ግጥም ምክንያት ወደ ካውካሰስ ተላከ። ተመልሶ በዘበኛው ክፍል ፖሩቺክ ሆነ፤ በ1840 ከፈረንሳይ አምባሳደር ልጅ ጋር በተጋጠመው የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ሰበብ እንደገና ወደዚያው፣ ወደ ቴንጊንስኪ እግረኛ ክፍለ ጦር ተዛወረ። በዚያው ማዕረግ፤ ቅጣቱም እዚህ ላይ ነበር፤ ከዘበኛ ወደ ተራ ጦር የሚዛወር መኮንን ከፍ ማለት ልማድ ነበርና። በቫሌሪክ ወንዝ ውጊያ ጀግንነቱን ያዩ አዛዦቹ ለሽልማት አቀረቡት። ቀዳማዊ ኒኮላይ ከለከለ።

ኪዥ አካል ሳይኖረው ኮሎኔል ሆነ፤ ከሌርሞንቶቭ ግን የተፈለገው አካሉ ነበር። ከመሞቱ 15 ቀን በፊት የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ፖሩቺክ ሌርሞንቶቭ በግንባር በአካል እንዲገኝ፣ በምንም ሰበብ ከክፍሉ እንዳይለይ ያዝዛል። ገጣሚው በጁላይ 1841 ፒያቲጎርስክ አጠገብ፣ በቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጥይት ወደቀ። 26 ዓመቱ ነበር፤ ማዕረጉም ፖሩቺክ።