የመድፍ ልጅ በአዳኝ ትከሻ ላይ

በሐርጌሳ ከተማ የሚገኘው የጅግጅጋ ያር ሰፈር ስሙ ራሱ መንገድ ያስታውሳል። «ያር» በሶማሊኛ ትንሽ ማለት በመሆኑ የሰፈሩ ስም «ትንሿ ጅግጅጋ» እንደ ማለት ነው። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በሐርጌሳና በጅግጅጋ አቅጣጫ ሐረር የሚደርሰው የሲራራ መንገድ ቡናና ቆዳ፣ ሙጫና የዝሆን ጥርስ ሲመላለስበት የኖረ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን በዚሁ አገር ሌላ ዓይነት መንገደኛ መታየት ጀመረ፤ ይኸውም ከባድ ጠመንጃና የጥይት ሣጥን በግመል ያስጫነ አውሮፓዊ አዳኝ ነበር። ኋላ በኬንያ ስሙ የገነነው ሎርድ ደላሚር እ.ኤ.አ. በ1891 አንበሳ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ምድር መጣ። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የነበረው ስዌይን ደግሞ በዚህ ምድር ያደረጋቸውን አሥራ ሰባት ጉዞዎች እ.ኤ.አ. በ1895 በመጽሐፍ አሳተመ።

አዳኞቹ ስለ ገደሉት አንበሳና ዝሆን ብዙ ተርከዋል። በየተኩሱ የራሳቸው ትከሻ ስለሚቀበለው ምት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የከባድ ጠመንጃ ታሪክ ከዚህ ምት ጋር የተደረገ የረጅም ጊዜ ግብግብ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ለምንድን ነው? ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን ወደ ፊት በገፋበት መጠን ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ ጠመንጃ የለም። የሚለያየው ምቱ የሚከፋፈልበት ክብደት ነው። የጠመንጃው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር ወደ ኋላ የሚመጣው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። የአረሩ ክብደት በእጥፍ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልቀነሰ ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ ጨምሬ ልጉረሰው» የሚል ተኳሽ ትከሻው ላይ የሚያርፈው ጭማሪ ትንሽ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በጥቁር ባሩድ ዘመን አረር ብዙ ፍጥነት ሊሰጠው ስለማይችል፣ ዝሆን የሚጥል ጠመንጃ ለመሥራት የነበረው መንገድ አረሩን ማክበድ ብቻ ነበር። የእነዚህ ጠመንጃዎች ስፋት የሚለካው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ድብልብል አረር እንደሚወጣ በመቁጠር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል። ዛሬ ሾትገን በሚባለው የአደን ጠመንጃ ዘንድ የተለመደው «12 ቁጥር» የመጣው ከዚሁ ልማድ ነው። ዝሆን አዳኞች የሚሸከሙት «4 ቁጥር» ግን 113 ግራም የሚመዝን አረር ይተኩስ ነበር።

ከዚህም የባሰ አልጠፋም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር ሰቲት ወደሚባለው የተከዜ የታችኛው ክፍል በዘለቀ ጊዜ የሐምራን አዳኞች በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ሲጥሉ አየ። አንደኛው ፈረሰኛ ዝሆኑን አስቆጥቶ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጠዋል። ቤከር በበኩሉ ሆላንድ የተባለ የለንደን ጠመንጃ ሠሪ የሠራለትን ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም 227 ግራም የሚመዝን ፈንጂ አረር የሚተኩስ ጠመንጃ ነበረው። ዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ተከታዮቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት። የእኛ «መድፍ» ራሱ ከዐረብኛው ቃል ጋር አንድ ስለሆነ ስያሜው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ቤከር ግን ስሙን አሳጥሮ «ሕፃኑ» ይለው ነበር።

ይህ ሕፃን የሚጎርሰው ባሩድ 18 ግራም ገደማ ነበር። ቤከር በከባድ ጠመንጃ ለዓመታት የተለማመደና ግዙፍ ሰውነት ያለው ሰው ቢሆንም፣ በተኮሰው ቁጥር ምቱ እንደሚያሽከረክረው፣ ጠመንጃውንም ከልቡ እንደሚፈራው ሳይሸሽግ ጽፏል። በበርካታ ዓመታት ውስጥ የተኮሰው ሃያ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ለወራት እንደ ጎረሰ የከረመውን ጠመንጃ ለመጥረግ ሲባል አገልጋዮቹ እንዲተኩሱት ሲደረግ፣ አንዱ ተኳሹን ከኋላ ይደግፈው ነበር። ሁለቱም በጀርባቸው ሲወድቁ፣ ጠመንጃው ከእነርሱ አልፎ ጥቂት ሜትር ርቆ ይገኝ ነበር።

የችግሩን ልክ በቁጥር ማየት ይቻላል። ግሪነር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ ስሙ በሚነሣበት ደንብ መሠረት፣ አንድ የአደን ጠመንጃ ተኳሹን ሳያሠቃይ እንዲተኮስ ክብደቱ ከሚተኩሰው እርሳስ 96 እጥፍ መሆን አለበት። የቤከር ጠመንጃ 9 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ይህም የአረሩ 40 እጥፍ ብቻ ነው። ደንቡ ቢጠበቅ ኖሮ ጠመንጃው 22 ኪሎ ገደማ በመዘነ፣ ማንም ሊያነሣው ባልቻለ ነበር። በአንጻሩ በአድዋ ዘመን አባቶቻችን «ውጅግራ» ይሉት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ 4 ኪሎ ከ200 ግራም መዝኖ የሚተኩሰው 25 ግራም ብቻ ነበር። ይህ 168 እጥፍ ነው። ወታደር ቀኑን ሙሉ እንዲተኩሰው ታስቦ የተሠራ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የምቱ ጉዳት በትከሻ መበለዝ ብቻ አያበቃም። ፍሬደሪክ ሴሉስ በደቡባዊ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1874 ድረስ በሁለት ባለ 4 ቁጥር ጠመንጃዎች 78 ዝሆኖችን ገድሏል። ጠመንጃዎቹ ከአረራቸው 50 እጥፍ ብቻ ይመዝኑ ነበር። በኋላ ዘመኑ ግን እነዚያ ጠመንጃዎች ነርቩን እንደ ጎዱትና አተኳኮሱን ለዘለቄታው እንዳበላሹበት ተናግሯል። ምቱን የለመደ አካል ገና ቃታው ሳይሳብ ይሸሻል፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይኮማተራል፣ አፈሙዙም ከዒላማው ይወጣል። እንግዲህ ተኳሹን የሚያስተው ከምቱ ይልቅ ምቱን መጠበቁ ነው።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው ከጠመንጃ ሠሪዎች ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ትንሽ አረር በከፍተኛ ፍጥነት ለመወንጨፍ አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሪግቢ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ጠመንጃ 31 ግራም በሚመዝን አረር ዝሆን መጣል ሲችል፣ ባለ 4 ቁጥሩ ዘመን አበቃ። በሰደፉ ጫፍ የሚገጠመው የጎማ ትራስም ምቱን ባያጠፋው እንኳ ጊዜውን በማስረዘም ያለዝበዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ከተኳሹ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ አያያዝ እዚህ ወሳኝ ነው። ሰደፉ በክንድ ወይም በአንገት አጥንት ላይ ሳይሆን በትከሻ ጎድጓዳ ሥጋ ላይ ጠብቆ ይቀመጣል፤ በሰደፉና በትከሻው መካከል ክፍተት ከተተወ ጠመንጃው ተንደርድሮ ይመታል። ጉንጭ ከሰደፉ ላይ አይነሣም። የፊተኛው እግር ክብደቱን ይሸከማል፣ ገላም ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብላል። ወደ ኋላ ያጋደለ ሰው እንደ ቤከር አገልጋዮች በጀርባው ይወድቃል። ሆኖም ገላው እንደ ግድግዳ መድረቅ የለበትም፤ ተገፍቶ መመለስ አለበት። ፍርሃቱን ለማስለቀቅ ደግሞ በቀላል ጥይት መለማመድ፣ ሌላ ሰውም ባሩድ የሌለበትን የመለማመጃ ጥይት ከእውነተኛው ጋር እያቀያየረ እንዲያጎርስ ማድረግ ይጠቅማል። ባዶው ሲሳብ አፈሙዙ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ይህ ትምህርት ከቤከር ጋር አላለፈም። ዛሬም እጅግ ከባድ የሚባለው ባለ 12 ቁጥር ጥይት 57 ግራም ያህል እርሳስ ሲይዝ፣ የሚተኮሰው 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ከሚመዝን ጠመንጃ ነው። ይህም 61 እጥፍ ነው፤ ከግሪነር ደንብ ይልቅ ለሴሉስ ጠመንጃ ይቀርባል።

ዝሆኖቹስ የት ደረሱ? ከሶማሌላንድ ምድር ጠፍተዋል። የአሮጌውን መንገድ አቅጣጫ ይዞ ከጅግጅጋ ወደ ሐረር ለሚጓዝ ሰው ግን የቀሩት ሩቅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ፣ በሕገ ወጥ አደንና በሰፈራ እየተገፉም ቢሆን፣ ዛሬም ይኖራሉ። የመድፍ ልጅ ምት አዳኙን ለጥቂት ቀናት አሳምሞታል፤ በዝሆኑ ላይ ያሳረፈው ግን እስከ ዛሬ አልሻረም።