ታላቁ ሽጉጥ እንዴት ቀለለ

ሬቮልቨር ከሚባሉት ባለ መዘውር ሽጉጦች ታላቁ፣ በሰው ወገብ ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ በኮርቻ ላይ የሚጓዝ የፈረሰኛ መሣሪያ ነበር። ሳሙኤል ኮልት በ1836 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፈጠራ መብቱን ከአሜሪካ መንግሥት ተቀብሎ በፓተርሰን ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከስሮ ሲዘጋ፣ ስሙን ዳግመኛ ያነሣለት በቴክሳስ ጠረፍ ጠባቂነት የታወቀው ካፒቴን ሳሙኤል ዎከር ነው፤ በዚህ መኮንን ምክርና ትእዛዝ በ1847 የተሠራው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ግን ጥይት ሳይጎርስ እንኳ ከሁለት ኪሎግራም በላይ ይመዝን ስለ ነበር፣ ፈረሱ ይሸከመዋል እንጂ በልብስ ሥር እሸሽገዋለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪዎች ታሪክ፣ በአንድ ወገኑ ሲታይ፣ የማይስማሙ ሁለት ፈቃዶችን ለማስታረቅ የተደረገ ረጅም ሽምግልና ነው። አንደኛው ፈቃድ ጥይቱ ወፍራምና ከባድ እንዲሆን ይሻል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያንን ጥይት የሚተፋው መሣሪያ ከማለዳ እስከ ማታ ተሰውሮ ሲውል ባለቤቱ እንኳ እስኪረሳው ድረስ ቀሊል እንዲሆን ይሻል። እኔ ይህን ታሪክ ስመረምር የታየኝ፣ ከሽጉጡ የተቀነሰው ክብደት ከቶ በነጻ እንዳልተገኘ ነው፤ አንድ ጊዜ በተኳሹ መዳፍ፣ አንድ ጊዜ በጥይቱ ዓይነት፣ አንድ ጊዜም በራሱ በመሣሪያው ዕድሜ ዋጋው ተከፍሏል።

መሸሸግም ራሱ በዚያ አገር ክቡር ነገር ሆኖ አልተጀመረም። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 የተሰወረ መሣሪያ መያዝን በሕግ ሲከለክሉ በይፋ የታጠቀውን ሰው አልነኩትም፤ በዘመኑ አስተያየት ጨዋ ሰው ከታጠቀ በግልጥ ይታጠቃል፣ የሚሸሽግ ግን ልቡ ተንኮል ቢያስብ ነው ይባል ነበርና። የኬንታኪ ፍርድ ቤት በ1822 ሕጉን ቢሽረውም፣ መንፈሱ አልሞተም፤ ብዙ ግዛቶች ያንኑ ፈለግ ተከትለዋል፤ ኒውዮርክም በ1911 በልብስ ሥር ሊሰወር የሚችል ሽጉጥ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ደነገገች። እንግዲህ የሠሪዎቹ ጥበብ ለብዙ ዘመን የሠራው ሕዝቡ በአደባባይ ለሚያፍርበትና ሕጉ ለሚያሳድደው ፍላጎት ነበር ማለት ነው፤ ፍላጎቱ ግን በዚህ ምክንያት አልቀነሰም።

ኮልት ሀብቱ ከተመለሰለት በኋላ በሃርትፎርድ ከተማ በኮነቲከት ወንዝ ዳር ታላቅ ፋብሪካ ሠርቶ፣ ጣራውን በወርቅማ ከዋክብት ባጌጠ ሰማያዊ ጉልላት ሸለመው። ተፎካካሪዎቹ ሆረስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን ደግሞ ያንኑ ወንዝ ሽቅብ ይዘው አርባ ኪሎሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ ከተሙ። የዚህ ታሪክ አብዛኛው ክፍል በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ያለቀ ሲሆን፣ ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠውን ድርሻ የያዘችው ስፕሪንግፊልድ ናት።

በስሚዝና ዌሰን ቤት ከተሠሩት ሽጉጦች ሁሉ ሠሪዎቹ ራሳቸው የጥበባቸው ፍጻሜ እንዲሆን አስበው የሠሩት የሚመስለው በ1908 ለገበያ የወጣውና ሰዎች «ባለ ሦስት ቁልፍ» ብለው የሰየሙት ነው። ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀው ጥይት፣ ከጥቂት አሠርት ዓመታት በፊት ለሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሠራዊት ከተሠራው ጥይት ቀለሁ ብቻ ረዘም ተደርጎ የተወለደው አርባ አራት ስፔሻል ነበር፤ አሥራ ስድስት ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ በማይጣደፍ ፍጥነት ይወረውራል፣ ድምፁ አያደነቁርም፣ እጅንም አያስቀይምም። ይህን ጥይት ለመሸከም የተዘጋጀው ትልቅ ገላ፣ ኋላ በፋብሪካው መዝገብ «ኤን» በሚለው ፊደል የታወቀው፣ አንድ ኪሎግራም ገደማ ይመዝን ነበር። መዘውሩ ወደ ጎን ወጥቶ ጥይት ጎርሶ ሲመለስ ከኋላ፣ ከፊትና ከሚንጠለጠልበት ክንድ ላይ በሦስት ስፍራ ይቆለፋል፤ ሦስተኛው ቁልፍ ለመሣሪያው ደኅንነት እምብዛም የማያስፈልግ፣ የባለሙያ ትዕቢት ያመጣው ቁልፍ ነበር ብል የምሳሳት አይመስለኝም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዞች የምሽግ ጭቃ ይገባበታል ብለው ስለ ፈሩ፣ ዋጋም ስላናረ፣ በ1915 ቁልፉ ቀረ፤ የተሠሩትም ከ15 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ገላው ግን ጸና፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ስካንዲየምና ቲታኒየም የለበሰው ይኸው ገላ ነው።

ክብደትን ለመቀነስ የመጀመሪያው ብልሃት መጋዝ ነበር። በኮልት ቤት ከ1918 ጀምሮ ያገለገለው ጆን ሄንሪ ፊትዝጀራልድ፣ ታላላቆቹን ሽጉጦች እየወሰደ አፈሙዛቸውን ወደ አምስት ሴንቲሜትር ያሳጥር፣ የመዶሻውን ቀንድ ልብስ እንዳይዝ ይቈርጥ፣ ምላጩን ከሚከልለው ቀለበትም የፊቱን ግማሽ አንሥቶ ይጥል ነበር፤ ጣት ሳትደናቀፍ ትግባ ብሎ ነው። እርሱ ራሱ በሱሪው ሁለት ኪሶች ሁለት ትልልቅ ሽጉጦች ይዞ ይዞር ነበር። ኪሱን ያጠነከረለትን ልብስ ሰፊ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም፤ ይሁን እንጂ ክፍት ምላጭ በኪስ ውስጥ መያዝ እጅግ ለሠለጠነ እጅ እንጂ ለብዙ ሰው የሚገባ ሥርዓት አይደለም፤ መጋዝም ቢሆን ርዝመትን ይቀንሳል እንጂ የመዘውሩን ክብደት አይነካም።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። በ1935 ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባት ማግነም፣ በ1955 መገባደጃም አርባ አራት ማግነም ሲወለዱ፣ የጥይቱ ኃይል በብዙ እጥፍ ስለ ጨመረ ክብደት ጠላት መሆኑ ቀርቶ ወዳጅ ሆነ። ሁለተኛውን ጥይት እስኪያገኝ ድረስ ሠሪዎችን ለብዙ ዓመታት የነዘነዘው የአይዳሆው ከብት ጠባቂ፣ አዳኝና ጸሐፊ ኤልመር ኪት፣ የቀድሞውን አርባ አራት ስፔሻል በራሱ እጅ ብዙ ባሩድ እያጎረሰ የኖረ ሰው ነው፤ ፋብሪካው በመጨረሻ እሺ ሲለው ቀለሁን ሦስት ሚሊሜትር ያህል አስረዘመው፤ አዲሱ ብርቱ ጥይት በአሮጌው ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ እንዳያፈነዳው ነው። ሽጉጡም ከአንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም በላይ ሆነ። በ1971 ክሊንት ኢስትዉድ በሲኒማ ይዞት ሲታይ መላው ዓለም ያወቀው ይህ ሽጉጥ፣ በእውነተኛ ሰው ብብት ሥር ሲውል ትከሻን እንደሚያዛባ ሲኒማው አላሳየም።

ቀሊል ማዕድን ወደ ሽጉጥ የገባው ከአየር ኃይል ደጃፍ ነው። ኮልት በ1950 ገላው ከአሉሚኒየም የሆነ ትንሽ ሽጉጥ ሠርቶ ስለ ሠመረለት፣ ስሚዝና ዌሰንም ወዲያው ስለ ተከተለ፣ አብራሪዎቹ በጠላት አገር ቢወድቁ የሚከላከሉበት ከሁሉ የቀለለ መሣሪያ የፈለገው የአሜሪካ አየር ኃይል መዘውሩ ጭምር አሉሚኒየም እንዲሆን አዘዘ። ከ400 ግራም በታች የሆነ ሽጉጥ ተገኘ፤ በወረቀት ላይ ተአምር ነበር። ነገር ግን ባሩዱ የሚነደው በመዘውሩ ውስጥ ነውና፣ ያ ለስላሳ ማዕድን የእሳቱን ግፊት መሸከም አቅቶት ይሰነጠቅ ጀመር፤ ጥይቱ ተዳክሞ እንዲሠራ ቢደረግም ችግሩ አልተፈወሰም። በ1959 አየር ኃይሉ ሽጉጦቹን ሰብስቦ አብዛኞቹን አጠፋቸው። እነዚህ ትናንሽ ሽጉጦች ነበሩ፤ ከእነርሱ የተገኘው ትምህርት ግን ለታላቁ ገላ የተረፈ ነው፦ አሉሚኒየም ገላ ሊሆን ይችላል፣ ለመዘውር ግን አይበቃም። ሠሪዎቹ መዘውሩን ወደ ብረት መልሰው ለአርባ ዓመት ያህል በዚሁ ረጉ።

በዚህ መካከል በ1973 ቻርተር አርምስ የተባለ የኮነቲከት ፋብሪካ በሌላ መንገድ መጣ። ቡልዶግ ብሎ የሰየመው ሽጉጥ ዋና ገላውና መዘውሩ ብረት ሲሆኑ፣ ጎራሹ አምስት ብቻ፣ ገላውም ከታላላቆቹ የጠበበ ስለ ሆነ፣ አርባ አራት ስፔሻልን በ540 ግራም ያህል ክብደት ለመሸከም በቃ። ዋጋውም ለሠራተኛ ሰው የሚደፈር ነበር። በ1976 እና በ1977 ኒውዮርክን ያሸበረው ነፍሰ ገዳይ ይህንኑ ሽጉጥ በመያዙ ስሙ ቢከፋም፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ረጋ ላለ ጥይት ረጋ ያለ መሣሪያ ማበጀት ነውና።

ሕጉ የተገለበጠው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሎሪዳ በ1987 የተወሰነውን መመዘኛ ላሟላ ሰው ሁሉ የተሰወረ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ይሰጠው ባለች ጊዜ፣ ብዙ ግዛቶች ተራ በተራ ተከተሏት፤ ብዙ የአገራችን ልጆች በሚኖሩባት በዋሽንግተን እንኳ ከ1976 ጀምሮ የጸናው የሽጉጥ ክልከላ በ2008 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረሰ፣ በ2022ም ያው ፍርድ ቤት ከቤት ውጭ ታጥቆ መሄድን መብት አደረገው። ቀድሞ ተንኮለኛ ያሰኝ የነበረው መሸሸግ የሕግ አክባሪ ልማድ ሆነ፤ በይፋ መታጠቅ በአንጻሩ ጎረቤትን የሚያስደነግጥ ነውር ሆነ። ፖሊሶች ሬቮልቨርን ትተው ብዙ ጎራሽ ወደ ሆኑት አውቶማቲክ ሽጉጦች ስለ ዞሩ ገበያው የጠበበበት የስፕሪንግፊልዱ ቤት፣ አዲሱን ገዥ በልብስ ሥር የሚያዝ ቀሊል መሣሪያ ሲፈልግ አገኘው።

በ1999 መዘውሩ ከቲታኒየም የሆነ፣ ገላው አሉሚኒየም የሆነ፣ አምስት አርባ አራት ስፔሻል የሚጎርስ ሽጉጥ ከ540 ግራም በማይበልጥ ክብደት ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ስካንዲየም መጣ፤ ሩሲያዊው ሊቅ ሜንዴሌዬቭ በ1871 ማንም ሳያየው መኖሩን የተነበየለት፣ ስዊድናዊው ኒልሰን በ1879 ያገኘው፣ የሶቪየት ጦር አውሮፕላን ሠሪዎችም ለሚግ የተጠቀሙበት ይህ ማዕድን፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ መጠን ከአሉሚኒየም ጋር በቱሳሔ ሲዋሐድ ለስላሳውን ጽኑ ያደርገዋል። በዚህ ጥበብ በ2003 የታላቁ ገላ ልጅ፣ አርባ አራት ማግነም የሚጎርሰው፣ ቁጥሩ 329 የሆነው ሽጉጥ በ710 ግራም ያህል ክብደት ተገለጠ። በመዘውሩና በአፈሙዙ መካከል የሚያመልጠው ነበልባል ቀሊሉን ማዕድን እንዳይበላው ከበላዩ አንዲት የብረት ሰሌዳ ተደረገችለት።

ነገር ግን የፍጥረት ሕግ አልተሻረም። ጥይቱ ያው ሆኖ ሽጉጡ በግማሽ ቢቀል፣ ወደ ኋላ የሚዘልበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፣ መዳፍ የሚቀበለውም ኃይል እንዲሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በተኳሹ ላይ ሳይሆን ገና ባልተተኰሱት ጥይቶች ላይ የሚደርሰው ነው፤ ሽጉጡ በድንገት ወደ ኋላ ሲዘል ቀለሁን ይዞት ይሄዳል፣ እርሳሱ ግን ከክብደቱ የተነሣ ባለበት መቅረት ይፈልጋልና ከቀለሁ ቀስ በቀስ እየወጣ ከመዘውሩ ፊት ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ መዘውሩ መሽከርከር ያቆማል። ለዚህ ነው በ1999ኙ አርባ አራት አፈሙዝ ላይ ከ200 ግሬን፣ ማለት ከ13 ግራም ያህል፣ የበለጠ እርሳስ እንዳይጎርስ ተጽፎ የሚገኘው። አንድ መሣሪያ በራሱ ገላ ላይ የድካሙን ልክ ተጽፎበት ማየት እምብዛም የተለመደ አይደለም፤ እኔ ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ቅንነት እቈጥረዋለሁ።

በዕለት ተዕለት ልብስ ሥር ለመያዝ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገጥመው ሌላ ነገር አለ። ቲታኒየም ክብደትን ይቀንሳል፣ ውፍረትን ግን አይቀንስም፤ የታላቁ ገላ መዘውር ከ1908 ጀምሮ 43 ሚሊሜትር ያህል ወርድ ሲኖረው፣ ቀጭን ጥይት የሚጎርሰው የትንሹ አምስት ጎራሽ ሽጉጥ መዘውር 33 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ቀበቶ ሥር ሲገባ ያ አንድ ሴንቲሜትር ከሦስት መቶ ግራም ይልቅ ይሰማል። አፈሙዝ ረዘመ ብሎ መጨነቅም ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ሱሪው ይወርዳልና፣ ከልብስ ሥር ጎልቶ የሚያጋልጠው እጀታው ነው። በዚህ ምክንያት የከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹን ወይም ጠፍጣፋውን አውቶማቲክ ሲመርጥ፣ ቀሊሉን ታላቅ ሽጉጥ ከልብ የወደዱት ድብ የሚያስፈራቸው የአላስካ ዓሣ አጥማጆችና በተራራ የሚጓዙ አዳኞች ሆነዋል፤ እነርሱ መሸሸግ ግድ የላቸውም፣ ቀኑን ሙሉ መሸከም እንጂ።

በከተማ ከያዙትም መካከል ብዙዎቹ በ329ኙ ውስጥ ማግነም አያጎርሱም፤ በዚያው ቀዳዳ የሚገባውን የቀድሞውን አርባ አራት ስፔሻል ያጎርሱበታል፤ ቀጭኑን የእንጨት እጀታ አውልቀውም መዳፍን ከጀርባው የሚከልል ወፍራም የጎማ እጀታ ይገጥሙለታል። ጎማው ግን ሸሚዝ ይይዛል፣ ወገብ ላይም ጎብጦ ይታያል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ኮት መግዛት የግድ ይሆንባቸዋል።