ያደረ ኮምፒውተር

ሰቆጣ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ጋቢ የደረቡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ አዛውንት ተቀምጠዋል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ኮምፒውተር ሰማያዊ ሆኖ፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች እየተሽከረከሩበት 30 በመቶ ላይ ቆሟል። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ አሁንም 30 በመቶ። አዛውንቱ ታገሡ፣ ታገሡና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ታመመ እንዴ?» አሏት።

«የለም አባቴ፣ አፕዴት እያደረገ ነው።»

ዝም ብለው አዩዋት። ልጅቱም እንዳልገባቸው ገብቷት ወደ አማርኛ መለሰችላቸው፦ «እየዘመነ ነው።»

«እንግዲያ ዘመን እስኪለወጥ ልንቀመጥ ነዋ!» አሉ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ፤ ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። ስልኮቻችን «አዘምን» ይሉናል፤ የሚመጣውን ነገር «ዝማኔ» ይሉታል፤ ኮምፒውተሩን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ደግሞ «ስርዓተ ክወና»። ይህ የመጨረሻው ጥሩ ስም ነው። «ሥርዓት» ሠርዐ፣ ማለትም ደነገገ፣ በመልክ አቆመ ከሚለው ነው፤ «ክወና» ደግሞ የ«ኮነ» ዘመድ ነው። ሆነ፣ ተደረገ፣ ተከናወነ። ነገሮች በደንብ የሚሆኑበት ሥርዓት ማለት ነው። በዚህ ቃል ጠብ የለኝም። ጠቤ ከ«ማዘመን» ጋር ነው።

«ዘመን» የብዙ ሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። አረማይክም፣ ዕብራይስጥም፣ ዓረብኛም አላቸው። ምንጩን ከጥንት ፋርስ የሚያመጡት አሉ፤ ከአካድኛው «ሲማኑ» የሚያመጡትም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ፤ «ሲማኑ» ተገቢው ጊዜ፣ ወቅቱ ማለት ነውና። አማርኛ ግን ስሙን ግስ ሲያደርገው ሌላ ሽታ ጨመረበት። የዘመነለት ሰው ቀን የወጣለት ነው። ዘመናይ ማለት የደላው፣ ቅምጥሉ ነው። ሽሙጥ ሲያሰኘን «ዘመን አመጣሽ» እንላለን። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ አለቃው ቢሮ ገብቶ «ኮምፒውተሮቹን ላዘምን» ሲል፣ በአለቃው ጆሮ የሚሰማው ምንጣፍና መጋረጃ ይቀየር እንደማለት ነው። ቅንጦት ደግሞ ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል።

ሥራው ግን ከቅንጦት ጋር አይተዋወቅም። እንግሊዝኛ ለዚህ ዓይነቱ እርማት የሰጠው ስም «ፓች» ነው፤ እራፊ ማለት ነው። ሲጀመር ዘይቤ አልነበረም፤ እውነተኛ እራፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ የጀመረው ሃርቫርድ ማርክ አንድ የተሰኘው ማሽን ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነበር። ስህተት ሲገኝ የተሳሳተው ቀዳዳ በቁራጭ ወረቀት ይለጠፍበትና ሌላ ይበሳል። ተለጥፎበት ሲታይ ከተጣፈ ኩታ አይለይም።

እዚህ ላይ አማርኛ በእጁ ያለውን አላየም። «ጸ» በሕዝብ አፍ «ጠ» እንደሚሆን እናውቃለን፤ ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት፣ ጸጉር ጠጉር። «ጻፈ»ም «ጣፈ» ይባላል፤ መጽሐፍ «መጣፍ» ይሆናል። የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ መስፋትም ያው መጣፍ ነው። ሁለቱ ከአንድ ሥር በቀሉ አልልም፤ ድምፃቸው ግን ገጥሟል። የኮምፒውተር ጥገና ደግሞ ሁለቱንም ነው። ተጽፎ የሚሰፋ፣ ተሰፍቶ የሚነበብ። አለቃው «የቢሮው አሥራ አንድ ኮምፒውተር መጣፍ አለበት» ቢባል ኖሮ፣ ቀዳዳ እንዳለ ወዲያው ይገባው ነበር። ቀዳዳን ማን ለሌላ ዓመት ያሳድራል?

ቀዳዳው ያመጣውን ዓለም አይቶታል። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ እራፊውን አወጣ። በሁለተኛው ወር፣ ግንቦት 4 ቀን፣ «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ። ያልተጣፉት ነበሩ የተያዙት።

በ«ማዘመን» ፈንታ «ማደስ»ስ? የግእዙ ሐደሰ ነው፤ ሐዲስ፣ አዲስ። ዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር አዲስ ጨረቃንና ወርን ይጠራበታል። እድሳት በየወሩ ስለሚመጣ ይስማማል፤ ነገር ግን የታደሰ ቤት ቀለሙ ይታያል፣ የተጣፈ ኮምፒውተር ግን ትናንት የነበረውን ይመስላል።

በየወሩ የምንለው በግምት አይደለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማይክሮሶፍት እራፊዎቹን በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል። ማክሰኞ የሚለው ስም «ማግስት» እና «ሰኞ» ተጣብቀው የወለዱት ነው፤ የሰኞ ማግስት። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሰቆጣ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። ቢሮ ተዘግቷል። ማግስት ተብሎ የተሰየመው ቀን እዚህ ሲደርስ ሌላ ማግስት ይጨምራል፤ ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲያበራ፣ ባለጉዳዩ ደጅ ሳለ ማውረድና መጫን ይጀምራል። አዛውንቱን ያስቀመጠው ይኸው ነው። የቢሮው አሥራ አንድ ማሽን አንዱን ሸክም አሥራ አንድ ጊዜ ከአሜሪካ እያስጫነ፣ ቀጭኗን መስመር ይሻማባታል።

መድኃኒቱ የቆየ ነው። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተጭኖ ይመጣል፤ ሰቆጣ ባለችበት ዋግ ይራገፋል፤ ወደየአገሩ የሚሄደው ከዚያ ተከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ባለ ወጥ ለአንድ አሞሌ በረሃ አይወርድም ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ዊንዶውስ ሰርቨር አፕዴት ሰርቪስስ» የሚሠራውም ይህንኑ ነው። አንድ ማሽን አንዴ ያወርዳል፤ ሌሎቹ በቤት ውስጥ ገመድ ከእሱ ይካፈላሉ። መጀመሪያ ለሁለት ለሦስት ብቻ ተሰጥቶ፣ ካልጎዳ ለሁሉም ይለቀቃል። ማይክሮሶፍት በ2024 እ.ኤ.አ. ይህን አገልግሎት ከእንግዲህ እንደማያሳድገው አስታውቋል፤ መሥራቱን ግን አላቆመም።

በዚህ አገር ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቷል። ከእንዲህ ያለ ዝምታ የሚመለስ ማሽን የወራት ዕዳ ይጠብቀዋል። ደግነቱ በዊንዶውስ 10 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት፣ የወሩ እራፊ ያለፉትን ወራት ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ድምር ይበቃል። ደመረ፣ ማለትም አንድ ላይ አደረገ፤ የመስቀሉ ደመራ ከዚሁ ነው። ከሁሉም ቤት የመጣ ችቦ በአንድ ቆሞ የሚነድ። በእርግጥ ለዊንዶውስ 10 ራሱ ነጻው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ቀኑም ማክሰኞ ነበር። የቆዩት ማሽኖች ብዙዎቹ ለዊንዶውስ 11 አይበቁም፤ እነሱን ምን እናድርግ ለሚለው መዝገበ ቃላት አይመልስም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ፤ ሥራውን ወደሚሠራው፣ ወደ መጠሪያውም። ዋግ ለገዢዎቹ የነበረው ስም «ዋግሹም» ነው። ሹም የሚለው ቃል ከግእዙ «ሤመ» ነው፤ አኖረ፣ ከላይ አስቀመጠ። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ ዙፋን ደርሰዋል። ዛሬ በዚያው ምድር ያለው «ዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር» ነው። የኮምፒውተሮቹ ኃላፊም «አስተዳዳሪ» ነው እንጂ ሹም አይባልም።

አስተዳደረ ከ«አደረ» ነው፤ በግእዝ ኀደረ፣ ኖረ፣ ሌሊቱን አሳለፈ። ማኅደርም ከዚያ ነው፤ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ቤት ነበረ፤ አሁን የኮምፒውተር ፋይልም «ማህደር» ይገባል። ሹም ይቀመጣል፤ አስተዳዳሪ አብሮ ያድራል፣ ያሳድራል። ቃሉ ሌላም ፊት አለው። እርኩስ መንፈስም፣ በሽታም «አደረበት» እንላለን። ቫይረስም ያድራል። አስተዳዳሪው ያላደረበት ማሽን ላይ ሌላ ነገር ያድርበታል።

ይህን ሁሉ ለዚያ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ስነግረው ፈገግ አለና «ጋሽዬ፣ ቃሉን እርስዎ ይያዙት፤ ለእኔ ሌሊቱ ይበቃኛል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራውን ወደ ሌሊት አዞረው። በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ማግስት፣ ረቡዕ ሠራተኛው ሲወጣ አሥራ አንዱንም እንደበሩ ይተዋቸዋል፤ ስክሪናቸውን ብቻ ያጠፋል። ችግሩ መብራት ቆጣቢው የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ዞረው ዞረው ማከፋፈያውን ድፍን አድርገው አጥፍተውት ነበር፤ ሦስት ማሽን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፣ ባለሙያው ሐሙስን ሙሉ ሲያስታምም ዋለ።

በሚቀጥለው ወር አብሬው ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ ጥበቃውን «አባባ፣ ዛሬ እንዳይነኳቸው፤ ያድራሉ» አላቸው።

ጥበቃው በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አዩ፤ አሥራ አንድ ትንንሽ አረንጓዴ መብራት ጨለማው ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ካፖርታቸውን አጠባበቁና «እስካሁን አዳሪው እኔ ብቻ ነበርኩ» አሉ፤ «አሁን አሥራ ሁለት ሆንና!»